ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች በበረዶ ተራራ ቁልቁል ሲንሸራተቱ እያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ፣ «ይሄንን እኔ ጉጉፍቱ ላይ አይቻለሁ» አልኳቸው። ተሳሳቁብኝ። ትልቋ፣ «አባባ ደግሞ ያላየው ነገር የለም» አለች። አልተቀየምኳትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ። ባለቤቴ ምክንያቱን ስለምታውቀው ሳህኑን አነሳችው። እናንተ አታውቁትምና ልንገራችሁ። ወሬ ማሳጠር አልሆንልህ ብሎኛል፣ እሱን ከወዲሁ ቻሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ፣ ኑሩ የምባል ገና ያላገባሁ ጎረምሳ። የእናቴ ቤት ደሴ ሸዋ በር ነው። ሳምንቱን ኮምቦልቻ ከጓደኛዬ ከካሳሁን ጋር በተከራየናት ክፍል አድርና ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ተጠማዝዤ እናቴ ዘንድ እወጣለሁ። ካሳሁን የፋብሪካው አናጢ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። እሱ ሲጾም ሽሮውን እኔ እሠራለሁ፣ እኔ ስጾም ማፍጠሪያውን እሱ ገዝቶ ይመጣል። ወሎ ነን፤ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ቁም ነገር አይወራም።

እናቴ ዘሃራ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ ተጠርቶ «መጣሁ» ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ሬሳውንም አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ እናቴ እኔ የትም ስሄድ፣ ሱቅ ድረስም ቢሆን፣ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔም ፈሪ ሆኜ አደግሁ። ስብሰባ ላይ መሐል እቀመጣለሁ፣ ሲጨበጨብ አጨበጭባለሁ፣ ሲያቆሙ አቆማለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነገር ውስጥ አይገባም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ነገሩን ያመጣው ቶማሽ ነው። ቶማሽ ማሽን ሊተክል ከበረዶ አገር የመጣ ረጅም፣ ፊቱ ሁልጊዜ ፀሐይ የመታው ሰው ነበር። የሽቦውን ሥራ አብሬው ስለምሠራ ካሉት ሁሉ እኔን ይቀርበኛል። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ከማውራት አያርፍም። በአገሩ ታኅሣሥ ሲገባ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከነቤተሰቡ ተራራ ይወጣል፤ እግሩ ላይ ረጃጅም እንጨት ያስርና በበረዶው ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይበላል፤ ጠዋት እንደገና ይወጣል። ያን ዓመት ግን ማሽኑ አልደረሰምና ወደ አገሩ መሄጃ እረፍት ተከለከለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ከሳ።

አንድ ቀን በፋብሪካው መኪና ወደ አቀስታ ተልኮ ሲመለስ ዓይኑ እያበራ መጣ። ከደሴ በላይ ያለው ደጋ፣ ጉጉፍቱ ላይ በጠዋት ሲያልፍ ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ አይቷል።

«እሱ እኮ አመዳይ ነው» አልኩት። «ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ነገር ነው። እንደናንተ አገር በረዶ አይደለም።»

«ጠዋት ይበቃል» አለ።

በካሳሁን የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ነው ዕቅዱ የተነደፈው። ቶማሽ ከወለሉ ላይ ሰጋቱራ እየዛቀ ካሳሁን ጠረጴዛ ላይ ይከምርና በእጁ ጠፍጥፎ ተራራ ይሠራል። በጣቱ መንገድ ይቀዳል። «እዚህ መኪና ይቆማል። እዚህ የገበሬ ቤት እንተኛለን። እዚህ ጠዋት እንወጣለን። በዚህ፣ ፍይይይ፣ እንወርዳለን።» ለገና በዓል እኛ ሦስታችን ልንወጣ ነው። የመኪናውንና የመውጫውን ፈቃድ ቶማሽ «እኔ ከኃላፊው አመጣለሁ» ብሏል።

ካሳሁን መጀመሪያ ላይ አልገባውም። «ወጥተን ምን ይዘን እንመለሳለን?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም» አለ ቶማሽ።

ካሳሁን ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። «ኑሩ፣ ምንም ለማምጣት ተራራ የሚወጣ ሰው አየህ?» እያለ ሥራ ላይ፣ እራት ላይ፣ መኝታ ላይ ይሄንኑ ያነሳል። ሳቁ ሲያልቅለት ግን ነገሩ ያዘው። ዝግባ መርጦ፣ ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ ጫፋቸውን በርሜል ውስጥ በፈላ ውሃ ቀቅሎ ወደ ላይ አጎበጣቸው። ሆዳቸውን በሰም አሸ፤ ለመግፊያም ዘንጎች ጠረበ። የእንጨት ሥራ እንደዚያ ሲያስደስተው አይቼ አላውቅም። በምሳ ሰዓት በሩን ዘግተን እንጨቱን እግራችን ላይ አስረን ወለሉ ላይ እንቆማለን። ቶማሽ ጉልበታችንን በእጁ እየተጫነ፣ «እጠፍ፣ እጠፍ» ይለናል። ለማቆም የፊት ጫፎቹን ወደ ውስጥ መግጠም እንደሆነ አሳየን። ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ማቆም ምን ችግር አለው?

ስንቁን እኔ አሰናዳሁ። በሶ አስፈጨሁ፣ ምክንያቱም ካሳሁን የገና ጾም ላይ ነበር። ለብርዱ ሦስት ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ገዛሁ፣ ገመድም አዘጋጀሁ። አንድ ቀን የፋብሪካው ዘበኛ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ሰጋቱራውን፣ ባናውን፣ ገመዱን አየና፣ «የት ልትዘምቱ ነው?» አለ።

«ተራራ» አለው ካሳሁን እየሳቀ።

ዘበኛው አልሳቀም። አንገቱን አወጣና ሄደ። ያን ጊዜ ከአቀስታ ወዲያ ያለው አገር መንግሥትን የሚወጋ ወንበዴ ገብቶበታል እየተባለ ይወራ ነበር። ስንቅና ባና ይዞ በዚያ አቅጣጫ የወጣ ወጣት ለምን እንደወጣ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እኔ ሁሌ ፈሪ የነበርኩት ሰውዬ በዚያ ቀን ለምን እንዳልፈራሁ እስከዛሬ ይገርመኛል። ሰው ሲደሰት ጆሮው ይደፈናል መሰለኝ።

ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ለጨዋታ ነው እማ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» አልኳት። 

እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ቤታችን ዱአ ነበር። ሼህ ይማም የሚባሉ፣ አባቴን የቀበሩ፣ ለእኔም ስም ያወጡ አዛውንት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። በእኛ አገር ደንብ እያንዳንዱ ሐጃውን፣ ማለት ጉዳዩን፣ ለሼሁ ይናገራል፤ እሳቸው ይለምናሉ፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ያለ ዱአ መንገድ አይጀመርም። ከእናቴ በፊት የተናገረችው ሴት ባሏ ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው የጠፋባት ነች። ከእሷ በፊት የተናገረችው ልጇ በሳንባ ታሞ የተኛባት ነች። ከዚያ ተራው የእናቴ ሆነ።

«ልጄ ተራራ ሊወጣ ነው ሼኪ። ከአንድ ፈረንጅ ጋር።»

«ለምን ጉዳይ ነው ዘሃራ?» አሉ ሼሁ።

እናቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ አጠገቧ ወዳለችው ባሏ ወደጠፋባት ሴት አየች። አንገቷን ደፋች።

«ከባድ ጉዳይ አለው ሼኪ። እኔ አልናገረውም። ብቻ እንደ ወንድሙ ሳይሆን ይመለስልኝ።»

«አላህ በሰላም ይመልሰው።»

«አሚን» አለ ቤቱ።

በር ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። ግን ዱአ መሐል ገብቶ «ውሸቷን ነው» የሚል ልጅ ወሎ ውስጥ አልተወለደም። ሰው ሲበተን ጓዳ ገብቼ፣ «እማ፣ ምነው ከባድ ጉዳይ አልሽ? ጨዋታ ነው አላልኩሽም?» አልኳት።

«እና ለጨዋታ እጅ አንሱልኝ ልበል?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ያቺ ባሏ የጠፋባት አጠገቤ ተቀምጣ? ልጇ ደም የሚተፋባት እያየችኝ? አፈርኩ ልጄ። ሳልናገር እንዳልተው ደግሞ ፈራሁልህ።»

 ትከሻዋን ስሜ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ጉም ውጦት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጡሩንባ እየነፋ ቀስ ብሎ ይጠማዘዛል።  ፋብሪካው በር ስደርስ ዘበኛው ሰላምታዬን አልመለሰም። ቀጥታ ወደ እንጨት ሥራው ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ካሳሁን የለም። እንጨቶቹ የሉም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰጋቱራ ወለሉ ላይ ተበትኖ የጫማ ኮቴ ታትሞበታል።

ወደ ቶማሽ ቢሮ ሮጥኩ። ወንበሩ ላይ ኮቱ ተሰቅሏል፣ እሱ ግን የለም። ቅዳሜ በመኪና ወደ አዲስ አበባ እንደወሰዱት የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነች፤ የነገረችኝም ወደ እኔ ሳታይ፣ ወለሉን እየወለወለች ነው። ቶማሽን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ወደ አገሩ መለሱት ይባላል።

ስወጣ ሁለት ሰዎች በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። አንዱ በጣም በትህትና፣ «ኑሩ አንተ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ።»

ወንድሜም የተጠራው ለትንሽ ጥያቄ ነበር። ላንድሮቨሩ ውስጥ በሁለቱ መሐል አስቀምጠውኝ ያንኑ ሐረጎ ሽቅብ ወጣን። ጉሙ አልተነሳም ነበር።

ደሴ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ነው የገባነው። አስገብተው ያስቀመጡኝ ክፍል ውስጥ ካሳሁን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። በቀረው አየኝና ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «በላህ?» አለኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

የሚጠይቀን አንድ ሻምበል ነበር። ጮሆብን አያውቅም። ጉንፋን ይዞታል፣ በየመሐሉ አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ የካሳሁን እንጨቶች ተጋድመዋል። በላያቸው ላይ ባናችንና ገመዳችን።

«ይሄ ምንድነው?»

«መንሸራተቻ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አልኩ።

«በምን ላይ?»

«በአመዳይ ላይ።»

«ተንሸራትቶ የት ይደርሳል?»

«ታች።»

«ታች ማን ይጠብቃችኋል?»

«ማንም።»

«ማንም ከሌለ ለምን ትወርዳላችሁ?»

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንደዚያ ያስጨነቀኝ የለም። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ፣ «ደስ ስለሚል» አልኩ።

«ሞክረኸዋል?»

«አልሞከርኩም።»

ወደ ካሳሁን ዞረ። «አንተስ?»

«አልሞከርኩም።»

«ታዲያ ደስ እንደሚል በምን አወቃችሁ?»

 ሻምበሉ አፍንጫውን ጠረገ። «ነጩ ሰውዬ ደስታ ነው ይላል። እናትህ ደግሞ በሼህ ፊት፣ በሰው መሐል፣ ከባድ ጉዳይ ነው ብላለች። ስንቅ አለ። ገመድ አለ። መንገዱን ሰጋቱራ ላይ ስትቀይሱ ታይታችኋል። እናትህን ትቼ ነጩን ልመን?»

ከዱአው ማን እንዳወጣው ዛሬም አላውቅም። አሚን ካሉት አንዱ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ለማወቅም አልፈለግሁም።

ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና እንዳለ ሻምበሉ ሲወጣ ነገረን። ካሳሁን ጣሪያውን እያየ፣ «በዚያ መኪና የሄደ ሰው ተመልሶ ደብዳቤ እንኳ አይጽፍም ይላሉ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሙስ አላወራንም።

እናቴ በየቀኑ ግቢው በር ላይ ምግብ ታመጣ ነበር። ምግቡን ከተቀበሏት ልጇ አለ ማለት ነው። አልቀበልም ካሏት ደግሞ... እሱን ከወንድሜ ጊዜ ታውቀዋለች። ረቡዕ ጠዋት ግን ሳህን ብቻ ይዛ አልመጣችም። ሼህ ይማምን ከነምርኩዛቸው ደግፋ ይዛ መጣች። ሻምበሉም የዱአውን ነገር ከራሳቸው መስማት ፈልጎ ኖሮ አስገባቸው፤ እኛንም አስጠራን።

«አባቴ፣ ሴትየዋ በእለቱ ምን አለች?» አላቸው።

ሼሁ እኔን አዩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቅላቴን በዳሰሰኝ እጃቸው ምርኩዙን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ከባድ ጉዳይ አለው አለች። እኔ ነገ አፈር ገቢ ነኝ፣ አልዋሽም።»

  ሻምበሉ «ጨረስን» ለማለት እጁን ሲያነሳ እናቴ ተናገረች።

«ዋሽቼ ነው።»

ድምጿ ቀጭን ነበር። ደግማ፣ «ዱአ ላይ ዋሽቼ ነው» አለች። «ልጄ የነገረኝ ለጨዋታ ነው ብሎ ነው። ሰው በልጅ ሕመምና በባል መጥፋት እያለቀሰ፣ የኔ ልጅ ለጨዋታ ይሄዳል ማለት አሳፈረኝ። ሼኪ፣ እርስዎንም አላህንም ዋሽቻለሁ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም።»

ሼሁ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። እንደዚያ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።  ከዚያ ወደ ሻምበሉ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ አንተ የእኛን ደንብ ታውቅ እንደሆን አላውቅም» አሉት። «ይህቺ ሴት ዱአ ላይ ዋሸሁ ብላ በእኔ ፊት ከተናገረች በኋላ ነገ ማንም ቤት ስትገባ ቀና ብላ አትቀመጥም። ይሄን የምትል ሴት እውነቷን ነው። እኔ ዋስ ነኝ።»

«እናት ልጇን ለማዳን የማትለው የለም» አለ ሻምበሉ። ግን ቀደም ሲል እንደነበረው እርግጠኛ አልነበረም። አንዱን እንጨት አንስቶ የታጠፈውን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። ወደ ጠረጴዛው መለሰውና፣ «ጨዋታ ከሆነ ይጫወቱ» አለ። «ነገ ጠዋት ጉጉፍቱ እንወጣለን። መኪናው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከቀትር በኋላ ነው።»

እናቴ ስትወጣ፣ «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» አለችኝ። 

ጎህ ሲቀድ ጉጉፍቱን አልፈን ከመንገዱ ገባ ብለን ቆምን። ቶማሽ እውነቱን ነው፤ መሬቱ በሙሉ ነጭ ነው። ሣሩ፣ ድንጋዩ፣ የጅብራው ቅጠል ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ትንፋሻችን ይታያል። ሻምበሉ ጋቢ ደርቦ እያስነጠሰ ወረደ። ቁልቁለቱን አየ። ከታች፣ መሬቱ ወደ ገደል ከመታጠፉ በፊት፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። አብረውን ከመጡት አንዱን ወታደር ወደዚያ ላከው።

«ከዚያ ድንጋይ ያለፈ እንደሸሸ እቆጥረዋለሁ» አለን። «ወታደሩም እንዲሁ ይቆጥረዋል።»

«ማን ይውረድ?» አልኩ። 

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ካሳሁን።

«ዓይንህ እኮ አያይም።»

«አንዱ ያያል። አንተ እናት አለችህ ኑሩ፣ ዝም በል።»

ተንበርክኬ እንጨቱን ከእግሩ ጋር አሰርኩለት። ጣቶቼ ደንዝዘው ቋጠሮው አልያዝ አለኝ። እሱ መዳፉን በእንጨቱ ሆድ ላይ አሳለፈና፣ «ሰሙ አልለቀቀም» አለ፣ ሥራውን እንደሚያስረክብ ሰው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አየ። ሰማዩ ቀልቷል። ፀሐይዋ ከወጣች አመዳዩ ያልቃል፣ አመዳዩ ካለቀ መንሸራተት የለም፣ መንሸራተት ከሌለ ውሸታሞች ነን። ሻምበሉ ግን ከፔርሙዝ ሻይ ቀድቶ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ጽዋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረብን።

«ቀጥል» አለ በመጨረሻ።

ካሳሁን በዘንጎቹ ገፋ። አልሄደም። እንጨቱ ሣር ውስጥ ተቀረቀረ። ደግሞ ገፋ፤ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ከኋላችን ያሉት ወታደሮች ሳቁ። ሻምበሉ አልሳቀም፣ ሰዓቱን አየ። እኔ ዱአ የማደርግበት ቃል ጠፍቶኝ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ብቻ እላለሁ። ካሳሁን ግን አካባቢውን አየና በጎን በጎን እየተራመደ በግ ወደጋጠው፣ ሣሩ ወዳጠረበት በኩል ሄደ። ጉልበቱን አጠፈ። ቶማሽ እንዳስተማረን አድርጎ አጠፈ። ገፋ።

ሄደ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጥኖ፣ ከዚያ እግሩ ሥር አመዳዩ እየቦነነ። እጆቹን ዘርግቷል።  አንድ ድምፅ ከታች መጣ፤ ጩኸት ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከዚያ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ሲገጥም አየሁ። አልቆመም። ደግሞ ገጠመ። አመዳይ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። ጥቁሩ ድንጋይ እየቀረበው ነው፣ ወታደሩ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጓል። «ካሳሁን» ብዬ ጮህኩ። ምን እንዲያደርግ እንደጮህኩ አላውቅም።

ካሳሁን ራሱን ጣለ። ሆን ብሎ፣ በጎኑ፣ እንደ ጆንያ። ተንከባለለ። እንጨት ሲሰበር ሰማሁ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ሲሰበር። ድንጋዩ ጋ ደርሶ ጀርባው ድንጋዩን ተደግፎ ቀረ። አላለፈም።

ስንደርስ አንድ እግሩ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሻምበሉ አጠገቡ ቆሞ ድንጋዩን አየ፣ የመጣበትን መስመር ሽቅብ አየ።

«ይሄ ነው?» አለው።

«ይሄ ነው» አለ ካሳሁን ጥርሱን ነክሶ።

«ሌላ ምንም የለውም?»

«ምንም።»

ሻምበሉ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ።  «ጫኑት» አለ ለወታደሮቹ። የተሰበረውን እንጨት እግሩ ላይ ደግፈን ባናውን ቀደን አሰርነው። ከጉጉፍቱ እስክንወርድ ፀሐይዋ ወጥታ ተራራው እንደ ድሮው ቡናማ ሆኖ ነበር። ማንም አያምነንም ነበር፣ ትንሽ ብንዘገይ።

በሼህ ይማም ዋስትና ለቀቁን። ካሳሁንን ደሴ ያለ ወጌሻ አከመው፣ እግሩ ግን አጠረ። ዛሬም ሲሄድ አንድ ትከሻው ይወርዳል።

እናቴ በሚቀጥለው ዱአ ላይ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ ያለፈውን ተናገረች። የፈራችው አልደረሰባትም፤ ያቺ ባሏ የጠፋባት ሴት ተነስታ አቀፈቻት። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ እናቴ ሐጃዋን ሳታሳምር እንዳለ ነበር የምትናገረው። «የልጄ ልጅ ኳስ ሊጫወት ነው፣ እጅ አንሱልኝ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሰው ይስቅ ነበር። በኋላ ሌሎቹም እንደዚያው ማለት ጀመሩ፤ ለሠርግ ዘፈን፣ ለልጆች ሽርሽር፣ ለትንሹም ነገር እጅ ይነሳል።

እኔን ምን ለወጠኝ ብትሉ፣ ደፋር አላደረገኝም። ዛሬም ፈሪ ነኝ። ቴሌቪዥን ላይ የሚንሸራተቱትን ሳይ ዓይኔ ከታች ድንጋይና ወታደር ይፈልጋል፤ ምሳም የማይበላልኝ ለዚያ ነው። ግን ልጆቼ «ልጫወት» ሲሉኝ «ምን ይዘህ ትመለሳለህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናንተም ልጆቻችሁን አትጠይቁ።

የልጅ ልጆቼ በሳቁብኝ ማግሥት ኮምቦልቻ ወርጄ ካሳሁንን አየሁት። አሁንም በሩ ላይ ተቀምጦ በርጩማ ይሠራል። ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኩትና ሳቅን። ከዚያ፣ «ያ እግር ዛሬስ እንዴት ነው?» አልኩት፣ እንደ ሁልጊዜው።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እግሬ ነው» አለ። «ከድንጋዩ በላይ ስላለው አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም።»

«ምን ነበር ከድንጋዩ በላይ?»

ወደ ሐረጎ በኩል አየ። «ያ ሻምበል ደስ እንደሚል በምን አወቃችሁ ብሎን አልነበር? ያኔ አላውቅም ነበር። ወታደሩን እያየሁት፣ ጠመንጃውን ሲደግን እያየሁት... ኑሩ፣ ማርያምን፣ ደስ ብሎኝ ነበር።»